ዝንፈት፦ የሲቀላ ዝናብና ሙቀት ከምን ጋር ይነጻጸራል?

«ዘንድሮስ ሙቀቱ አይጣል ነው» ያልተባለበት ዓመት የጋሞዋ ከተማ የአርባ ምንጭ ክፍል በሆነችው በሲቀላ የለም። በየካቲትና በመጋቢት ቀኑ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲወጣ ከባጃጅ ተራው እስከ ሙዝ ጫኞቹ ድረስ ወሬው አንድ ነው። የካቲት ግን በሲቀላ ድሮም ይሞቃል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ዘንድሮ ለየካቲት ከሚገባው በላይ ሞቋል ወይ ተብሎ ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ቁጥር ነው፤ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች «አኖማሊ» ይሉታል።

አኖማሊን እዚህ «ዝንፈት» ብዬዋለሁ፤ አንድ ወር ከመደበኛው ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ማለት ነው። «መዛባት» ይበልጥ የተለመደ ቃል ቢሆንም ፍርድ ተጭኖበታል፤ ተዛባ ከተባለ ተበላሸ ማለት ነው። ከመደበኛው በ20 በመቶ የበለጠ የሚያዝያ ዝናብ ግን በቆሎ ለዘራ ገበሬ ሲሳይ ሊሆንለት ይችላል። «ልዩነት» ደግሞ ለሁሉም ነገር ስለሚውል ከምን እንደተለየ አይናገርም። «ዝንፍ ሳይል» ስንል አስቀድሞ የተቀመጠ ልክ እንዳለ እናውቃለን፤ የሚዘንፈውም ወደ ላይም ወደ ታችም ነው። የሙቀት ዝንፈት በዲግሪ ይነገራል፣ +1.2 ወይም -0.8 እየተባለ። የዝናብ ግን ብዙ ጊዜ በመቶኛ ይሰጣል፦ የመደበኛው 80 በመቶ፣ የመደበኛው 130 በመቶ።

ልኩ ራሱ፣ «መደበኛ» የሚባለው፣ የ30 ዓመት አማካይ ነው። 30 ዓመት የተመረጠው አንድ ድርቅ ወይም አንድ ጎርፍ አማካዩን ብቻውን እንዳይጎትተው ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ዋርሶ ላይ የተሰበሰቡ የየአገሩ ሚቲዎሮሎጂ ኃላፊዎች ከ1901 እስከ 1930 ያለውን ዘመን የመጀመሪያው የጋራ መነሻ እንዲሆን አሳስበው ነበር። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት አሁን የሚጠቀመው ከ1991 እስከ 2020 ያለውን ሲሆን በየ10 ዓመቱ ይታደሳል።

«ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» የሚሉትን ቃላት ከወቅታዊ ትንበያ ጋር ሁላችንም ሰምተናል። እነዚህ ከዝንፈት ጋር ይዛመዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም። 30ዎቹ ዓመታት ዝናብ ከበዛበት እስካነሰበት ድረስ በተራ ሲደረደሩ የላይኞቹ 10፣ የመሐል 10 እና የታችኞቹ 10 ሆነው ይከፈላሉ፤ ትንበያው መጪው ወቅት ከሦስቱ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል ይናገራል። ዝንፈት የሚሰላው ወሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ የወሩ ውሎ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ቢሆንም ከማን መደበኛ ጋር እንደሚነጻጸር ካልታወቀ ዋጋ የለውም። ጋሞ ላይ ይህ ከብዙ ቦታ ይልቅ ይከብዳል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች። ወደ ሰሜን ዳገቱን የወጣ ሰው 40 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ጨንቻ ይደርሳል፤ እዚያ ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙዙና ማንጎው ቀርቶ እንሰትና የደጋ ፖም ይመጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ የሁለቱ ከተሞች መደበኛ በ8 ወይም በ9 ዲግሪ ቢራራቅ አያስገርምም። የዓመት ዝናቡም አርባ ምንጭ ላይ ወደ 900 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጨንቻ ላይ ከ1,200 ያልፋል። ጨንቻ ላይ 22 ዲግሪ የደረሰ ቀን ሰው ኮቱን ያወልቃል፤ ሲቀላ ላይ ያው 22 ዲግሪ «ብርድ ገባ» ያሰኛል። የዝንፈት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ ሁለቱም ከየራሳቸው መደበኛ ጋር ስለሚለኩ «ወሩ በሁለቱም ቦታ በ1 ዲግሪ ከፍ ብሏል» ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ጣቢያው ያልቆመበትን ቦታ ዝንፈቱ አያውቀውም። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ተነስቶ በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ጫሞ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። ታች የተለካው ዝናብ መደበኛ ሆኖ ሳለ ላይ ደጋው ላይ ከልክ በላይ ከዘነበ ወንዙ ይሞላል። ጎርፍ ለሚፈራ የሲቀላ ነዋሪ ከራሱ ከተማ ዝንፈት ይልቅ የደጋው ይበልጥበታል።

የወቅቶቹ ስምም ያሳስታል። በአገር አቀፍ አከፋፈል በልግ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ፣ ክረምት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ በጋ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ይስማማል፤ ዋናው ዝናቧ በሐምሌና በነሐሴ ነውና። አርባ ምንጭ ዝናቡን በሁለት ጊዜ ነው የሚያገኘው፦ ትልቁን በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛውን በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት። ማለትም ሁለተኛው ዝናብ በአገሩ መዝገብ «በጋ» በሚባለው ውስጥ ይወድቃል። የኤል ኒኞ ዓመትም ለሁሉም አንድ አይሆንም። ኤል ኒኞ እ.ኤ.አ. እንደ 2015ቱ የሰሜኑንና የመሐሉን ክረምት ሲያዳክም፣ የደቡቡን የጥቅምት ዝናብ ማበርታት ይቀናዋል። የላ ኒና ነገር ተቃራኒ ነው፤ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ከጋሞ በስተደቡብና በምሥራቅ፣ ቦረናና ሶማሌ ውስጥ፣ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። «ዘንድሮ የኢትዮጵያ ዝናብ ከመደበኛ በታች ነው» የሚል ዜና ስለ ሲቀላ ምንም ላይናገር ይችላል።

አንድ የኛ ብቻ የሆነ ጣጣም አለ። የአየር መረጃ የሚጠናቀረው በአውሮፓውያን ወር ነው፤ ኤፕሪል ሲተረጎም «ሚያዝያ» ይባላል። የኤፕሪል እውነተኛ ዘመን ግን ከመጋቢት 23 እስከ ሚያዝያ 22 ነው። በሚያዝያ የመጨረሻ ሳምንት የወረደ ዶፍ በሜይ ሒሳብ ይገባል፤ ገበሬው «ሚያዝያ መልካም ነበር» ሲል ሰንጠረዡ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ሁለቱም እውነት ይዘዋል። መግለጫ የሚያዘጋጁ ሰዎች ቀኑን ቢጽፉ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

በመቶኛ የሚነገር የዝናብ ዝንፈት ደግሞ በደረቅ ወር ያጋንናል። ለምሳሌ የጃንዋሪ መደበኛ 20 ሚሊ ሜትር ነው እንበል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 20 ሊትር ውሃ ማለት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የወረደ ዝናብ 40 ካደረሰው «የመደበኛው 200 በመቶ» ተብሎ ይጻፋል፤ ለእርሻ ያመጣው ለውጥ ግን ጥቂት ነው። መደበኛው 150 በሆነበት የዝናብ ወር ያው የ20 ሚሊ ሜትር ጭማሪ ከ13 በመቶ ብዙ አያልፍም። ድምሩ መደበኛ የሆነ ወርም በሁለት ዶፍ ብቻ ሞልቶ፣ በመሐሉ የሦስት ሳምንት ድርቀት አሳልፎ ሊሆን ይችላል። በቆሎው የደረቀበትን ሰው «መደበኛ ወር ነበር» ብሎ ማሳመን አይቻልም፤ ለዚህ ነው የዝናባማ ቀናት ብዛትም አብሮ መነገር ያለበት።

የሙቀቱ ችግር ሌላ ነው፤ መደበኛው ራሱ ይሄዳል። ከ1991 እስከ 2020 ያለው የዓለም አማካይ ሙቀት ከ1961 እስከ 1990 ከነበረው በግማሽ ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ በአዲሱ መነሻ ዝንፈቱ ዜሮ የሆነ ወር በአሮጌው ሲለካ ሞቃት ወር ነው። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅትም የአየር ንብረት ለውጥን ለመከታተል የ1961–1990ን መነሻ እስካሁን ያቆየው ለዚህ ነው። ቀጣዩ መደበኛ ከ2001 እስከ 2030 ያለውን ይይዛል። ያኔ የ1990ዎቹ ዓመታት ከሒሳቡ ይወጣሉ፤ ዛሬ +1 የተባለ የሲቀላ የካቲት፣ ቴርሞሜትሩ ያነበበው ሳይለወጥ፣ በዝቅተኛ ቁጥር ሊጻፍ ይችላል።