የስፔክትሮስኮፒ መሣሪያ ለምርምርና ለማስተማር

እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በነበልባል ግሎ ሲበራ፣ ብርሃኑ በፕሪዝም ሲተነተን የራሱ የሆኑ መስመሮች ይታዩበታል። እነዚህን መስመሮች ለኬሚስትሪ ምርመራ ያዋሉት በጀርመን አገር በሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮበርት ቡንዘንና ጉስታቭ ኪርሆፍ ናቸው። በ1859 እ.ኤ.አ. አካባቢ የሠሩት መሣሪያ ከአንድ ፕሪዝም፣ ከሲጋር ሳጥንና ከአሮጌ ቴሌስኮፕ ክፍሎች የተገጣጠመ ነበር። በዚሁ ዘዴ በ1860 ሲዚየምን፣ በ1861 ሩቢዲየምን ለማግኘት በቁ።

በሚቀጥለው መቶ ዓመት መሣሪያው እየረቀቀ ዋጋውም እየናረ ሄደ። በ1941 በአሜሪካ በአርኖልድ ቤክማን የሚመራው ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው «ዲዩ» የተባለው ስፔክትሮፎቶሜትር 723 ዶላር ያወጣ ነበር። ቀደም ሲል በምግብ ውስጥ ያለውን የቫይታሚን ኤ መጠን ለማወቅ አይጦችን እየመገቡ ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር፤ አዲሱ መሣሪያ ሥራውን ወደ ደቂቃዎች አሳጠረው። በ1961 ደግሞ የቫሪያን ኩባንያ «ኤ-60» የተባለው የኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ መሣሪያ ወደ ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎች ገባ። ምርምሩ በዚህ እጅግ ተጠቀመ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ውድ መሣሪያ በባለሙያ እጅ ብቻ ሲጠበቅ የተማሪው ድርሻ ናሙና ሰጥቶ ወረቀት መቀበል ይሆናል።

የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባውሽ ኤንድ ሎም ያወጣው «ስፔክትሮኒክ 20» ነው። እስከ 2011 ድረስ ሲመረት የቆየው ይህ መሣሪያ ወደ 600,000 ያህል ተሽጧል። ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ ተማሪው ራሱ ዜሮውን ያስተካክላል፣ የሙከራ ቱቦውን ያስገባል፣ ንባቡን መዝግቦ ግራፉን ይስላል። ቢሳሳትም ስህተቱን ፈልጎ የሚያርመው ራሱ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለዕቅድ አውጪዎች ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የመግዣው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የዘመኑ ከፍተኛ የማግኔት መሣሪያ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ሂሊየም ያስፈልገዋል፤ አቅርቦቱ ከተቋረጠ ማግኔቱ ኃይሉን ያጣል። የመለዋወጫና የጥገና ባለሙያ በጀት አብሮ ካልተያዘ ግዢው ከንቱ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ትልቁን መሣሪያ ብዙ ተቋሞች በጋራ ሊገለገሉበት ይችላሉ፤ ትንንሾቹ ግን በየትምህርት ክፍሉ በብዛት መገኘት አለባቸው። መሣሪያውን ከሩቅ ብቻ አይቶ የተመረቀ መምህር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ የሚያስተላልፈው ስሙን ብቻ ይሆናል፤ በገዛ እጁ የሠራበት ግን ፕሪዝምና ሳጥን ቢያገኝ እንኳ ያስተምርበታል።