ረዓይት ምን በልተው ኖሩ? የግዙፋኑ አኗኗር በመጽሐፈ ሄኖክና በኩፋሌ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ሰከላ ገብቶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ስሙ የሚነሣው በዚህ ጉዞ ነው። ለሥነ ጽሑፍ ታሪክ ግን ከምንጩ የሚበልጠው ከኢትዮጵያ ይዞት የተመለሰው ብራና ነው፤ በውስጡ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩበት። አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው ለኦክስፎርዱ ቦድሊያን ተሰጠ። ሪቻርድ ሎረንስ የኦክስፎርዱን ቅጂ ተርጉሞ በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተመው። አውሮፓ ጠፋ ብላ የተወችው ይህ መጽሐፍ በእኛ ዘንድ ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ሲገለበጥና ሲነበብ ኖሯል፤ ዛሬም ሙሉው የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው።

ተራራ ላይ ስለሚኖሩ ግዙፋን የሚተርኩ አገሮች ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያ አንባቢ ስለ ግዙፋን ሲጠየቅ ግን መጀመሪያ ሊያስታውስ የሚገባው ረዓይትን፣ በመጽሐፈ ሄኖክ ከወረዱ መላእክትና ከሰው ሴቶች ልጆች የተወለዱትን ግዙፋን ነው። ስለ እነርሱ የተጻፈው አብዛኛው በቁመታቸው ላይ ያተኩራል። የዚህ መጣጥፍ ክርክር የመጽሐፉ ጭንቀት ሌላ ነው የሚል ነው፤ ሄኖክን ያሳሰበው ምን ያህል እንደረዘሙ ሳይሆን የማንን እህል እንደበሉ ነው።

በቁመቱ እንጀምር። ሎረንስ 300 ክንድ ብሎ ተረጎመ፤ በኋላ የመጣው ተርጓሚ አር. ኤች. ቻርልስ 3000 ክንድ ይላል። በግእዝ አኃዝ 300 ፫፻፣ 3000 ደግሞ ፴፻ ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱን የሚለያቸው የመጀመሪያው ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ከቀለም ቀንዱ እስከ ብራናው ባለው አጭር መንገድ የተፈጠረ ይመስለኛል። ትልቁን ቁጥር ብንወስድ 3000 ክንድ ቢያንስ 1300 ሜትር ይሆናል። የጎጃሟ ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚያ የቆመ ረዓይት ራሱ ከግሽ ዓባይ ምንጭ በላይ ይታያል፤ ከ4000 ሜትር በላይ ከሚነሣው ከጮቄ አናት ግን አይደርስም። ጸሐፊው ግዙፋኑን ከተራራ ጋር አስተካክሎ ነው ያሰባቸው።

ይሁን እንጂ ለቁመታቸው አንድ ሐረግ ሰጥቶ ወዲያው ወደ ምግባቸው ይሻገራል። ቅደም ተከተሉን አንባቢ ልብ ይበል። መጀመሪያ የበሉት ሰው ደክሞ ያፈራውን ነው። ሰዎች መቀለብ ሲያቅታቸው ፊታቸውን ወደ ቀላቢዎቻቸው አዞሩ። ከዚያ በአዕዋፍና በአራዊት፣ በሚሳቡትና በዓሦች ላይ ተነሡ፤ በመጨረሻም እርስ በርሳቸው ተበላሉ፣ ደምም ጠጡ። ምድር የከሰሰቻቸው ይህን ጊዜ ነው። በዚህ ሁሉ ትረካ ውስጥ ሞፈር የጨበጠ፣ ከብት ያገደ ወይም ቤት የሠራ አንድ ረዓይት የለም። ገበያም ዳኛም የላቸውም።

በጃቢ ጠህናን ወይም በቡሬ ዙሪያ ጤፍ የሚያመርት ገበሬ ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ይከምራል። አውድማውን በእበት ለቅልቆ በበሬ ያበራያል፤ በመንሽና በላይዳ እያነሣ ለነፋስ ይሰጣል። እህሉ ጎተራ የሚገባው ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ነው። ሳይደክም የሚበላ ምን ማለት እንደሆነ ለእንዲህ ያለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ረዓይትን በጎተራ የሚለካ ገበሬ፣ በክንድ ከሚለካቸው ተርጓሚ ይልቅ ለመጽሐፉ ሐሳብ የቀረበ ነው።

ከአባቶቻቸው ከወረዱት መላእክት ትምህርት መካከል ለጎጃም አንባቢ እንግዳ ያልሆነ አንድ ነገር አለ፤ ሥር መማስ። በሄኖክ ከአስማት ጋር ተደምሮ ከክፉ ትምህርት ይቆጠራል። በኩፋሌ ግን ከጥፋት ውኃ በኋላ የረዓይት መናፍስት የኖኅን የልጅ ልጆች ሲያስቸግሩ፣ በምድር ዕፅዋት መፈወስን ለኖኅ ያስተማሩት ቅዱሳን መላእክት ናቸው፤ እርሱም ጽፎ ለሴም ሰጠው። አንዱ ጥበብ በሁለቱ መጻሕፍት ሁለት ፊት አለው። በአገራችን ሥር ማሽና ቅጠል በጣሽ ተፈርቶም ተከብሮም የኖረበት ምክንያት ከዚህ ጋር ሳይዛመድ አይቀርም።

ግዙፋኑን አገር ሰጥቶ የሚያኖራቸው ኩፋሌ ነው። ያዕቆብና ላባ በገለዓድ ተራራ ሲገናኙ ታሪኩ ገታ ይልና፣ ምድሪቱ ቀድሞ ራፋይም የተባሉ ግዙፋን እንደነበረች ይነግረናል። ቁመታቸው ከ10 ክንድ ወደ 9፣ ወደ 8፣ እስከ 7 እያለ ይወርዳል። መኖሪያቸው ከአሞን ልጆች ምድር እስከ አርሞንኤም ተራራ ድረስ ነው፤ ከመንግሥታቸው መቀመጫዎች መካከል አስታሮትና ኤድራይ ተጠቅሰዋል። በኦሪት የባሳን ንጉሥ ዐግ የነገሠው በእነዚሁ ከተሞች ነው፤ አልጋውም 9 ክንድ ርዝመት ያለው የብረት አልጋ ነበር። እዚህ ላይ ግዙፋኑ ንጉሥና ድንበር ያላቸው የደጋ ሕዝብ ሆነዋል። የጠፉትም በሥራቸው ክፋት ነው፤ ምድራቸውን አሞራውያን ወረሱት።

የአገራችን ሊቃውንት ትርጓሜ ሌላ ተራራ ይጨምራል። ብዙዎቹ ሊቃውንት በዘፍጥረት የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉት ደቂቀ ሴት ናቸው ይላሉ፤ ገድለ አዳምም እንዲሁ ይተርካል። ደቂቀ ሴት በደብር ቅዱስ በንጽሕና ይኖሩ ነበር፤ በቃየል ልጆች ዘፈን ተስበው ወረዱ፤ ከዚያም ግዙፋን ተወለዱ። በሄኖክ 200ው ትጉሃን መላእክት የሚወርዱት አርሞንኤም አናት ላይ ነው። በሁለቱም ትርጓሜ ጥፋት የጀመረው ቦታን ለቆ ከመውረድ ነው። ረዓይት የዚያ መውረድ ልጆች ናቸው።

በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች መካከል የግዙፋን መጽሐፍ የሚባለው፣ ኦህያና ሀህያ የተባሉ ግዙፋን ሕልም አይተው ማሃዋይን ለፍቺ ወደ ሄኖክ እንደላኩት ይተርካል። የግእዙ ሄኖክ ለረዓይት ስምም ሕልምም አልሰጠም። ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ የሚበሉት እህል ባለቤት በሆነው ሰው ዓይን የተጻፈ ታሪክ የበላተኛውን ሕልም የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

ከጥንታውያን የግእዝ ሄኖክ ቅጂዎች አንዱ የተገኘው ጣና ላይ፣ ክብራን ገብርኤል ነው። ምሁሩ ኤኖ ሊትማን ደግሞ በትግረ ተናጋሪዎች ዘንድ ሮም ስለተባሉ የጥንት ግዙፋን የሚነገረውን እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው ሥራ መዝግቦታል። በእኛም ዘንድ እንዲሁ ይደረግ፤ ቡሬ ላይ ካምፓስ ያለው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም፣ ባሕር ዳርና እንጅባራም፣ በሰከላ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ስለ ግዙፋን የሚነገረውን ከአዛውንቱና ከየጉባኤ ቤቱ መምህራን አፍ በድምፅ ይቅረጹ፤ በየደብሩ ያለውንም የሄኖክና የኩፋሌ ብራና በፎቶግራፍ ያስቀሩ። ብራናው በደብሩ፣ አዋቂውም በሕይወት ሳለ ይጀመር።