የአባባ ጡረታ ሳኔቲ ላይ

እስቲ ጠጋ በሉና ላውጋችሁ። ሰው ጡረታ ሲወጣ በእኛ አገር ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። መሥሪያ ቤቱ ሻይ ቡና ያዘጋጃል፣ አለቃው ሁለት ቃል ይናገራል፣ ጋቢ ይለበሳል፣ ፎቶ ይነሣል። ቤተሰብም በግ አርዶ ጎረቤት ይጠራል። ደግ ነው፤ ማንም አይጠላውም። አባባ ግን፣ ማለትም ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩት የባለቤቴ አባት፣ የጡረታ ደብዳቤያቸው የደረሰ ቀን "ድግሱ ይቅርብኝ፤ ባሌ ውሰዱኝ" አሉ።

ሁላችንም ተያየን። አባባ ለባሌ እንግዳ አይደሉም። ከሮቤና ከጎባ ስንዴ ጭነው አዲስ አበባ ሲያራግፉ፣ ሸቀጥ ጭነው ወደ ደሎ መና ሲወርዱ ነው የጎልማሳነት ዘመናቸው ያለቀው። ታዲያ ምን ቀረዎት ብንላቸው "እዚያ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ጭነት ነበረብኝ" አሉ። "ተራራው ላይ ስንቱን አውሬ በመስታወት እያየሁ አልፌዋለሁ። አንድ ቀን ሞተር አጥፍቼ፣ ወርጄ ልየው።"

በዚያው ሳምንት ደግሞ የልጃችን አሥረኛ ዓመት ልደት ነበር። አዳራሽና ኬክ ስትጠብቅ ለከረመች ልጅ ነገሩ ቀላል አልነበረም። አያቷ ጠርተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧትና "እሙዬ፣ የእኔም በዓል የአንቺም በዓል ተራራ ላይ ይሁን፤ ኬኩን ስንመለስ ትቆርሻለሽ" አሏት። እሺ አለች። የአባባ ባለቤት እማማ ድፎ ዳቦ ጋገሩ፤ ዳቦ ቆሎና በሶ ተሰናዳ። ዓርብንና ሰኞን ፈቃድ ጠየቅን፤ ብርድ ልብስና ጋቢ ጫንን። ወሩ ጥር ነው፤ ሰማዩ የጠራበት፣ ገብሱ ከማሳ የተነሣበት።

መሪውን ባለቤቴ ያዘ። አባባ ከፊት ጎኑ ተቀምጠው መንገዱን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። አዳማን አልፈን ወደ አሰላ ሽቅብ ስንወጣ "ጭላሎን በግራ ያዘው" ይላሉ። በቆጂ ስንደርስ ልጅቷን ቀሰቀሷት፤ "ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ሁሉም የዚህ አካባቢ ልጆች ናቸው" አሏት። ዶዶላ ላይ ምሳ በላን፤ አዳባን አልፈን ወደ ዲንሾ ስንቃረብ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች።

እናላችሁ፣ ገይሳይ የሚባል ሜዳ አለ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዲንሾ ከተማ ከመድረሱ በፊት፣ አስፋልቱ አጠገብ የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነው። አባባ እጃቸውን አነሡ። "ቀስ በል። እዚህ ጋ ያዘው። ሞተሩን አጥፋ።"

ከርከሮዎች ጅራታቸውን ሽቅብ ቀስረው ተሻገሩ። ከሣሩ ውስጥ ቦሆር አንገቷን ብቅ አደረገች። ከዚያ ባሻገር፣ ቁጥቋጦው ጥግ፣ ቡናማ መንጋ ቆሞ ይግጣል። አባባ በመስታወቱ ሲያልፉት የኖሩት እሱን ነበር። ልጅቷ "ፈረስ ነው?" አለች። አባባ ዝም ብለው ከመኪናው ወረዱ፤ በሩን እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ ገፋ አድርገው ነው የዘጉት።

የደጋ አጋዘን ነው። ኒያላ የምንለው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። እንዲያ ያለ ግዙፍ እንስሳ ለሳይንስ ሰዎች ተመዝግቦ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ብቻ ነው፤ በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ የአጋዘን ወገኖች ሁሉ በመጨረሻ የተመዘገበው እሱ ነው። አገሬው ግን ከጥንት ጀምሮ አብሮት ኖሯል።

በማግስቱ ማለዳ ዲንሾ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን ከፍለን፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አስጎብኚ ይዘን፣ ጽድና ኮሶ ወደሞላበት ጫካ ገባን። ልጁ ገና ሲያገኘን ሥርዓቱን ነገረን፤ በመንገዱ እንሂድ፣ ድምፅ እንቀንስ፣ ምግብ አናውጣ፣ አጋዘኑ ቀና ካለ እንቁም። ለአባባ ደግሞ "አባቴ፣ ከፍታው 3,000 ሜትር አልፏል፤ አይቸኩሉ" አላቸው። "ልጄ፣ ዛሬ የሚያስቸኩለኝ የለም" አሉት።

ከኮሶው ሥር አንድ ወንድ አጋዘን ቆሞ አገኘነው። በጣም ቅርብ ነበር። ቀንዶቹ ከግንባሩ ተነሥተው ተጠምዝዘው ወደ ኋላ ይሄዱና ጫፋቸው ላይ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። በዓይኖቹ መካከል ነጭ መስመር፣ ጉንጩ ላይ ሁለት ነጭ ነጠብጣብ፣ ጎኑ ላይ እንደገና ነጭ ነጭ። ከአፍንጫው የሚወጣው ትንፋሽ በብርዱ ይታያል። ጆሮው ወደ እኛ ዞረ፤ መንጋጋው ማመንዠኩን አላቆመም። አጠገቡ ቀንድ የሌላቸው ሴቶቹ ከግልገሎቻቸው ጋር ተኝተዋል።

ያን ጊዜ እማማ ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና አሥር ሳንቲም አወጡ። ያቺ ዛሬ ምንም የማትገዛዋ ሳንቲም። በአንድ ፊቷ አንበሳ አለ። ገልብጠው በልጅቷ መዳፍ ላይ አኖሯት። ልጅቷ ሳንቲሙን አየች፣ አጋዘኑን አየች፣ ደግማ ሳንቲሙን አየች። "እማማ! እሱ ነው!" አለች በሹክሹክታ። "እሱ ነው የኔ እናት። አሥር ዓመት ሞላሽ አይደል? አሥር ሳንቲምሽን ያዢ" አሏት። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ሳንቲም ለታክሲና ለዳቦ ስንቆጥር የኖርን ሰዎች፣ ጀርባው ላይ ያለውን ፍጥረት በዓይናችን ያየነው ገና ያን ዕለት ነው።

ከዲንሾ ወደ ሮቤ፣ ከሮቤ ወደ ጎባ ሄደን አደርን። እሁድ ጎህ ሲቀድ ከጎባ በላይ ያለውን ዳገት ያዝነው። ዛፉ እያጠረ ሄደ፤ አስታው ቀረ፤ ከዚያ ሰማይና ድንጋይ ብቻ ሆነ። ሳኔቲ ደረስን። 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተነጠፈ ሰፊ አምባ ነው፤ ትንንሽ ኩሬዎች ጠርዛቸው በውርጭ ነጥቶ፣ ጅባራው እዚህም እዚያም እንደ ዘብ ቆሞ። ከደቡብ በኩል 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል፤ የባሌ ተራሮች ከሁሉ ከፍተኛው ጫፍ። እማማን ራሳቸውን አመማቸው፤ ውኃ ጠጡ፣ ከመኪናው ሳይወርዱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ።

አስጎብኚው አቅራቢ መነጽሩን ለአባባ ሰጠና በጣቱ አመለከተ። መነጽሩ አላስፈለገም። ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ በስተግራ ቆሟል፤ ጠጉሩ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር። እግሮቹ ረጃጅም፣ አፉ ቀጭን። አንገቱን ዘንበል አድርጎ መሬቱን ያዳምጣል። ሁለቱን ጆሮዎቹን ወደ ፊት ቀሰረ። አንድ እግሩን አንሥቶ ሳያሳርፍ ቆየ። ከዚያ ሆዱ ሣሩን እስኪነካ ዝቅ ብሎ ተሳበ፣ ቆመ፣ ተሳበ፣ ቆመ። ድንገት ዘለለና አፉን እስከ ዓይኑ ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ። ሲወጣ በአፉ ትልቅ ፍልፈል ይዟል። ያ ግዙፍ ፍልፈልም ቢሆን ከባሌ ውጭ የማይገኝ ነው፤ ቀበሮውና ፍልፈሉ ሁለቱም የዚህ መሬት ልጆች ናቸው።

"ለማን ነው የሚወስደው?" አለች ልጅቷ።

አስጎብኚው ነገራት። ቀይ ቀበሮ ሲያድን ብቻውን ነው፤ ሲኖር ግን በቤተሰብ ነው። ጠዋትና ማታ ተሰብስበው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ወሰናቸውን አብረው ይዞራሉ። ከቤተሰቡ ውስጥ የምትወልደው አንዲቷ እናት ናት፤ ታላላቆቹ፣ አክስቶቹ፣ ሌሎቹም ጉድጓዱን ይጠብቃሉ፣ የበሉትን አምጥተው ለግልገሎቹ ያካፍላሉ። ወቅቱ ግልገሎች ያሉበት ነውና ፍልፈሉ ወደዚያ ሳይሆን አይቀርም አላት። እማማ ከመኪናው ውስጥ ሆነው "አይ፣ ብቻውን ያደገ ልጅ የት አለና!" አሉ።

ከዚያ ግን የአስጎብኚው ፊት ጠቆር አለ። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ እዚህ ባሌ ነው ያለው። የሚገድላቸው ደግሞ ጥይት ሳይሆን ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዚሁ በባሌ ባለው በዌብ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2003 ገብቶ አብዛኞቹን ፈጅቷቸዋል። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ በአካባቢው ያሉ ውሾች ይከተባሉ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለቀበሮዎቹም በምግብ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። ግጦሹና እርሻውም ወደ ላይ እየወጣ ነው። በዚህ መንገድ በፍጥነት የሚያልፍ መኪናም ይገጫቸዋል። ይህን ሲሰሙ አባባ አንገታቸውን ደፉ። "ሾፌር ሁሉ ይህን ቢሰማ" አሉ፣ "እግሩ ነዳጅ ላይ ይቀል ነበር።"

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች እስከ ሶማሌ ምድር ድረስ ሚሊዮኖችን ያጠጣሉ። ቀበሮውን የሚያኖረው መሬት ያንን ሁሉ ሕዝብም ያኖራል።

ሳኔቲ ላይ ፍርፋሪ ላለመጣል ስንል ምንም አልቀመስንም። ድፎው የተቆረሰው ጎባ፣ ካረፍንበት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ቡና ተፈላ፣ ጨፌ ተጎዘጎዘ፣ አስጎብኚው ከእኛ ጋር ተቀመጠ፤ ባለቤቲቱም ጭኮ ይዛ መጣች። ቢላውን ለአባባ ሰጠናቸው። እሳቸው የልጅ ልጃቸውን እጅ ከእጃቸው ጋር ቢላው ላይ አደረጉና ተነሥተው መረቁ። "ያሳየን አምላክ ይመስገን። አንቺን ለዓመት ያድርስሽ፣ ወልደሽ ከብደሽ እዚህ ለመምጣት ያብቃሽ። ስትመጪ አጋዘኑም ቀበሮውም ይቆይሽ። እግዚአብሔር አገራችንን ከእነ ፍጥረቷ ይጠብቅልን።" ሁላችንም አሜን አልን። እማማ እልል አሉ። እኔ ብዙ የምረቃና የልደት ድግስ አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን "አሜን" ከልቤ የወጣበት ግን የለም።

ይህን ያወጋኋችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በየቤታችሁ የሚከበር ነገር አይጠፋም። ልጅ ትመረቃለች፣ አባት ጡረታ ይወጣል፣ ሠርግ ዓመት ይሞላዋል። ከአዳራሹ ወጪ ከፊሉን ለነዳጅ አድርጉት። ባሌ ቢርቅባችሁ፣ ለአዲስ አበባ ሰው መናገሻ ሱባ ቅርብ ናት፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ አለባት። ሐዋሳ ያላችሁ ሐይቁ ዳር አባ ኮዳው ይጠብቃችኋል። ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሕፃን ይዛችሁ ሂዱ። የአካባቢውን አስጎብኚ ቅጠሩ፣ መግቢያውን ክፈሉ፤ ያ ገንዘብ አገሬው ለእንስሳው ዘብ እንዲቆም ምክንያት ይሆነዋል። ውሻችሁን እቤት ተዉት፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፣ እንስሳ አትመግቡ፣ ተራራ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ልጆቻችን ያላዩትን እንዲጠብቁ ልንጠይቃቸው አንችልም፤ ስለዚህ እባካችሁ፣ የሚቀጥለው በዓላችሁ ሳይደርስ ከአሁኑ ቀን ቁረጡለት።