ጠያቂው ሳይመጣ

ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ በቦርከና ወንዝ ዳር የተንጣለለው የኮምቦልቻ ሜዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ጎዳና ወደ አሰብ ከሚወርደው ጋር የሚገናኝበት ስፍራ በመሆኑ፣ ከባሕር የመጣ ዕቃ ወደ ወሎ ደጋ ከመውጣቱ በፊት የሚያርፍበት ደጃፍ ሆኖ ኖሯል።

ይህ ደጃፍ በቂ እህል ሳይኖረው ክፉ ቀን ሲመጣ ምን እንደሚደርስ 1977 ዓ.ም. አሳይቷል። በዚያ ዘመነ ረሃብ እርዳታው ባሕር ተሻግሮ አሰብ ከደረሰ በኋላ እንኳ፣ ወደቡ በመጨናነቁና የጭነት መኪና በማነሱ እህሉ በባሕሩ ዳር ተከምሮ ሲውል፣ በዚሁ ጎዳና ላይ ባለችው በባቲ የተሰበሰበው ሕዝብ እየረገፈ ይጠባበቅ ነበር። በዓለም ላይ እህል አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው በቅርብ የተቀመጠ እህል ነው።

የመጠባበቂያ እህል ክምችት ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ በ1974 ዓ.ም. ግድም ቢጀመርም፣ መዓቱ የደረሰበት ገና ሳይጠና ነበር። በኋላ ግን ኮምቦልቻ ከዋነኞቹ መጋዘኖች አንዷ ሆነችና ሥርዓቱ ጸና፤ ይኸውም ረጂው ድርጅት የራሱ እህል ገና ከባሕር ማዶ ሳለ፣ እተካለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ከቅርቡ መጋዘን ይበደራል፤ መርከቡ ሲደርስም ብድሩን ይመልሳል። በእንዲህ ያለ መጋዘን ውስጥ ከእንጨት ርብራብ ላይ ወደ ጣሪያው የተደረደረ ጆንያ ይታያል፤ በየክምሩም የገባበት ቀን የተጻፈበት ካርድ ይንጠለጠላል፤ ስንዴው ነቀዝ ሳያገኘው መለወጥ ስላለበት ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ኦሪት ዘፍጥረትም ስለ ዮሴፍ ሲተርክ፣ በየከተማው ዙሪያ የበቀለውን እህል በዚያው ከተማ ውስጥ እንዳኖረ ይነግረናል፤ የጥበቡ ምሥጢር ከክምችቱ ብዛት ይልቅ በዚህ ቅርበት ላይ ያለ ይመስለኛል።

የኮምፒውተር ሊቃውንት ወደዚሁ ምሥጢር የደረሱት በራሳቸው መንገድ ነው። እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ዋናው የማስታወሻ ቋት ዘገምተኛ ስለሆነ፣ ደጋግሞ የሚፈለገውን በአጠገቡ ባለ ትንሽና ፈጣን ቋት ማኖር እንደሚሻል ጻፈ። ይህ ትንሽ ቋት ብዙም ሳይቆይ «ካሽ» ተባለ፤ ቃሉ መሸሸግ ከሚል የፈረንሳይኛ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ተጓዦች ስንቃቸውን ቀብረው የሚያኖሩበት ጉድጓድም ይጠራበት ነበር። ኔትወርክ ሲዘረጋ ሐሳቡም ሰፋ፤ ከሩቅ የሚመጣው ፋይል፣ መስመሩ ጭር በሚልበት ሌሊት ሰዓት ተቆርጦለት ወደ ቅርብ ቋት ይጫናል፤ ነግቶ ተማሪው ሲከፍተው ውቅያኖስ እስኪያቋርጥ አይጠብቅም። በአገራችንም ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ከመግባቱ በፊት፣ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ አገልግሎት፣ ደብዳቤዎችን እያጠራቀመ በስልክ መስመር ወደ ለንደን ይልክ፣ የመጣውንም ተቀብሎ ለባለቤቱ ያቆይ ነበር።

የመጋዘኑንም የቋቱንም ጠባቂ የሚያስጨንቀው ግምቱና ሰዓቱ ነው። ፋይል የሚጭነው ባለሙያ ነገ የሚጠየቀውን ከትናንቱ መዝገብ ይገምታል፤ ቢሳሳትም ሌላ ሌሊት አለው። የኮምቦልቻው መጋዘን ግን የበልግ ዝናብ መቅረቱ ከታወቀ በኋላ የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው፤ ክረምቱ ገብቶ በወሎ ደጋ ወዳለው ወደ ሳይንት የሚወጣውን መንገድ ጭቃ ሳይዘው ጆንያው ደጋው ላይ መገኘት አለበት።