ከውጤቱ ወረቀት በፊት የነበረ አባትነት

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚሠራ የጤና ባለሙያ «ልጁ ያንተ አይደለም» የሚል የምርመራ ውጤት የያዘ አባት ሊገጥመው ይችላል። የአባትነት ጥያቄ ግን ከምርመራው እጅግ ይቀድማል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ሳይንስ ስለ አባትነት የሚናገረው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ካርል ላንድስታይነር የገለጻቸው የደም ዓይነቶች አንድን ሰው «አባት ሊሆን አይችልም» ለማለት እንጂ «አባት ነው» ለማለት አይበቁም። ሕጉ አባትነትን በጋብቻ ላይ አቆመው፤ ጋብቻው ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላ ወይም ከፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ የባልየው ነው። ልጁን መካድ የፈለገ ባል መወለዱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከሚገባው ቀን አንሥቶ በ180 ቀን ውስጥ መክሰስ ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1984 አሌክ ጄፍሪስ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዲ ኤን ኤ አሻራን አገኘ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን የ180 ቀኑን ገደብ አልሻረም።

እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ በቤተሰብ ማገናኘት ፕሮግራም ያመለከቱ ስደተኞችን፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በዲ ኤን ኤ መርምራ ፕሮግራሙን አገደች፤ በ2012 የከፈተችውም የዲ ኤን ኤ ማስረጃ ግዴታ አድርጋ ነው። የሞተ ወንድሙን ልጅ «ልጄ» ብሎ ያሳደገ ሰው በአገሩ ዋሾ አይባልም፤ ላቦራቶሪው ግን ይህን አያውቅለትም።

የካ ላይ ወረቀቱን ይዞ የመጣው አባት ልጁ አሥር ዓመት ቢሞላው ገደቡ ካለፈ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ሆኖታል። በሕግ ፊት አባት ነው። ንዴቱንና እንቅልፍ ማጣቱን የሚያዳምጠው ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ልጁ ወረቀቱን አላየም፣ ማታ በር ላይ የሚጠብቀውም ያንኑ አባቱን ነው።