ገደሉም ግድግዳውም፦ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ የመደርደሪያ ፎቶ ታሪክ

የሰሜን ተራሮችን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዋልያ ቀንዱን አቁሞ፣ ከኋላቸው ደግሞ እንደ ደረጃ እየተቆራረጠ ቁልቁል የሚወርድ ገደል። እስቲ አሁን ሌላ ፎቶ ፈልጉ። እዚያው ተራራ ሥር፣ ጃናሞራ ወይም ዳባት፣ የሚኖር የአንድ ገበሬ ቤት ውስጡ ምን ይመስላል? ጨው የሚቀመጠው የት ነው? ኩባያውስ? የልጆቹ ደብተርስ? ብዙ ደክማችሁ የምታገኙት ጥቂት ነው።

ሁለቱም እኮ መደርደሪያ ናቸው። አንዱን ተፈጥሮ ሠርታው ዋልያና ጭላዳ ደርድራበታለች፤ ሌላውን ሰው ከጭቃና ከእንጨት ሠርቶ ኑሮውን ደርድሮበታል። (በነገራችን ላይ በገና የሚመታው ሰው «ደርዳሪ» የተባለው ከዚሁ ግሥ ነው።) ታዲያ አንዱ ሺህ ጊዜ ፎቶ ሲነሣ ሌላው ለምን ተረሳ?

ከገደሉ እንጀምር። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሰሜናዊ ከፍታ በሆነው ምድር ቅልጥ አለት በስንጥቅ እየፈሰሰ ወጣ። አንዱ ፍሰት ረግቶ ይቀዘቅዛል፤ በላዩ አመድ ይወርድበታል ወይም አፈር ይለብሳል፤ ከዚያ ሌላው መጥቶ ይከድነዋል። እንዲህ እየተነባበረ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ወፈረ። የሰሜን ተራሮች በዚህ ንብርብር ላይ የተነሣ የአንድ ግዙፍ እሳተ ገሞራ ቅሪት ናቸው። ውኃ ሲቦረቡራቸው ጠንካራው ባዛልት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በመካከል ያለው ልል ንብርብር ግን ይሸረሸርና ወደ ውስጥ ይሸሻል። ከሥሩ ያለው ጠንካራ አለት ደግሞ ገበታ ሆኖ ወደ ውጭ ይቀራል። ይሄ ነው እርከኑ። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን አለት «ትራፕ» ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው በስዊድን ቋንቋ ደረጃ ማለት ከሆነ ቃል ነው። ገደሉ ባንዳንድ ቦታ ወደ 1,500 ሜትር ይወርዳል።

በዚህ ደረጃ ላይ መኖር የሚችል ብዙ አይደለም። ጭላዳው ቀን ሜዳው ላይ ሣር ሲነጭ ይውልና ሲመሽ ነብርና ጅብ የማይደርሱበት ጠባብ እርከን ላይ ወርዶ ያድራል። ዋልያውም ከሰው የሚሸሸው ወደዚያው ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወደ ሰሜን መጥቶ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ፎቶግራፍ ገና ለዓለም አልተዋወቀም ነበር። ያየውን ማስቀረት የሚችለው በሥዕልና በቆዳ ብቻ ነው። እንስሳው ይገደላል፣ ቆዳው ይገፈፋል፣ አውሮፓ ሄዶ ሙዚየም ውስጥ ይደረደራል። ከገደል መደርደሪያ ወደ መስታወት መደርደሪያ ማለት ነው።

ከ130 ዓመት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ስዊዘርላንዳዊው የእንስሳት ተመራማሪ በርንሃርድ ኒፈርጌልት ዋልያን ያጠናው አፋፍ ላይ ሆኖ እርከን በእርከን በመመልከትና በመቁጠር ነው። ፓርኩ በ1969 ተመሠረተ፣ በ1978 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። በዚሁ ዓመት የስዊዘርላንድ ባለሙያዎች የተራሮቹን ዝርዝር ካርታ አሳተሙ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የፓርኩ ኃላፊ የነበረው ሐንስ ሁርኒ ደግሞ ትኩረቱ ሌላ ነበር፤ ተዳፋት ሲታረስ የሚሄደው አፈር። ያ ጥያቄ አድጎ በ1981 በመላ አገሪቱ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ያቋቋመ ፕሮግራም ሆነ።

ፎቶ ለምትወዱ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እርከን በፎቶ የሚታየው በጥላው ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ያ ሁሉ ደረጃ ጠፍቶ አንድ ግራጫ ግድግዳ ይመስላል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ፣ እያንዳንዱ ገበታ ጥላውን ይጥልና ገደሉ ይቆጠራል። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ሰው የሠራው የእርሻ እርከንም የሚታየው እንዲሁ ነው፤ የድሮ ፎቶ ላይ እርከን ነበረ ወይስ አልነበረም ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚመለከተው ፎቶው በስንት ሰዓት እንደተነሣ ነው።

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚጦዘው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲወጣ ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን የተለመደው ዘዴ አድካሚ ነው። መስታወቱን ኬሚካል ትቀቡታላችሁ፣ ሳይደርቅ ታነሡበታላችሁ፣ ሳይደርቅ ደግሞ ጨለማ ድንኳን ውስጥ ታጥቡታላችሁ። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ያውም ተራራ ላይ፣ ያውም ውኃ በሌለበት። እነሱ የፈለጉት የዘመቻውን መንገድ መመዝገብ ነበር። ተራራው ከኋላ የገባው እግረ መንገዱን ነው።

የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ያን ኒሰንና ኢትዮጵያውያን የሥራ ጓደኞቹ ከ140 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ቦታዎች በትግራይ ፈልገው አገኙ። ካሜራቸውን የድሮው ፎቶ አንሺ በቆመበት ተክለው እንደገና አነሡ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ምን ይወጣል መሰላችሁ? ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የተማርነው ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር የሚል ነው። የ1868ቱ ፎቶ ግን ያኔም ራቁቱን የቀረ ተዳፋት ያሳያል። በአዲሱ ፎቶ ላይ ደግሞ በብዙ ቦታ ዛፉ ጨምሯል፣ የድንጋይ እርከንም ተሠርቷል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት የታሪክ ማስረጃ አላውቅም። «ድሮ ሁሉም ነገር ለምለም ነበር» የሚለው ለቅሶ ደጋ ላይ የድንጋይ እርከን የካበውን ገበሬ ልፋት ይሸፍንበታል።

ከዚያ ጣሊያኖች መጡ። ከደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ በኩል ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ የነሱ ሥራ ነው፤ ገደሉ ላይ የተቆረጠ መደርደሪያ ልትሉት ትችላላችሁ። ደባርቅ አጠገብ ወልቀፊት ላይ የነበረው ጦራቸው እጁን የሰጠው በመስከረም 1941 ነው። ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ግን በአውሮፕላን ብዙ ፎቶ አንሥተው ነበር። እነዚያ ፎቶዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት የት ቆዩ? አዲስ አበባ፣ የካርታ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ። ከ8,000 በላይ ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው ተቀምጠው ነበር። በአንዱ ሰሌዳ ላይ አንድ ቁልቁል የተነሣ ፎቶ፣ ከግራና ከቀኝ ዘንበል ብለው የተነሡ ሌሎች፣ እና መለያ ጽሑፍ አለ። ተመራማሪዎች እንደገና አግኝተው ሥራ ላይ ያዋሏቸው በቅርቡ ነው። ገደሉን ሁሉ የሚያሳየው ፎቶ ራሱ አንድ መደርደሪያ ላይ ተረስቶ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ።

የቤት መደርደሪያ ፎቶ ከፎቶግራፍ ጋር እኩል ዕድሜ አለው ማለት ይቻላል። ፎቶን ወረቀት ላይ ማተም ከፈለሰፉት አንዱ እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ከ1844 ጀምሮ በክፍል በክፍል ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የሸክላ ዕቃ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ የብርጭቆ መደርደሪያና የመጻሕፍት መደርደሪያ አሉ። ስለ ሸክላው የጻፈው ነገር ብልህ ነው፦ ዕቃውን አንድ በአንድ ከመጻፍ ይልቅ ባንድ ፎቶ መመዝገብ ይቻላል፤ ሌባ ቢወስደውም ፎቶው ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። የመጻሕፍቱ ፎቶ ደግሞ የሚያስቅ ምስጢር አለው። ቤት ውስጥ ብርሃን ስላልበቃው መደርደሪያውን ያነሣው ውጭ፣ ፀሐይ ላይ አሰናድቶ ነው!

የኛ ደጋ ቤት ችግር ከዚህ ይብሳል። ሳር ክዳን፣ አንድ በር፣ መስኮት የለም ወይም ጠባብ ነው፣ ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል። ጥቀርሻ ብርሃን ይውጣል እንጂ አይመልስም። መደቡ፣ ጎታው፣ ቆጡ፣ ግድግዳው ላይ የተበጀው የጭቃ መደርደሪያ፣ የተሰቀለው ሰፌድ፣ ይህን ሁሉ የድሮ ካሜራ ሊያየው አይችልም ነበር። እንደ ታልቦት አውጥቶ እንዳያነሣው ደግሞ መደቡም ጎታውም ከቤቱ ጋር የተሠሩ ናቸው፤ ከቦታቸው ቢነቀሉ ይፈርሳሉ። ስለዚህ የድሮ ፎቶ አንሺ ቤተሰቡን ደጅ አውጥቶ በር ላይ አቆመው። ብርሃኑ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን ንቀት ይመስለኛል፤ ለአንድ መንገደኛ የንጉሥ አልጋ ታሪክ ነው፣ የጨው ቅል ግን ዕቃ ነው።

መጻሕፍቱስ? የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በጥንቱ ልማድ መደርደሪያ ላይ አይቆሙም። በቆዳ ማኅደር ገብተው በጠፍር ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ከአይጥም ከእርጥበትም ያርቃቸዋል። ሮበርት ከርዞን የተባለ እንግሊዛዊ በ1837 ግብፅ ውስጥ በናትሮን ሸለቆ ገዳም የሐበሻ መነኮሳትን መጻሕፍት እንዲህ ተሰቅለው አይቶ በኋላ መጽሐፉ ውስጥ በሥዕል አሳትሞታል። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት መጻሕፍት በመቶ የሚቆጠሩት ከዚህ ዓይነት ማንጠልጠያ ወርደው ለንደን ውስጥ ቁጥር ተሰጥቷቸው መደርደሪያ ላይ ቆሙ።

ታልቦት ስለ ሌባ ያለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኗና ሁለት የአሜሪካ ተቋማት፣ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና ሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ተባብረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። 9,000 ገደማ መጻሕፍት ተነሡ። አብዛኛውን ካታሎግ የሠሩት በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ዛሬ አንድ ብራና ውጭ አገር ጨረታ ላይ ቢወጣና ገጹ ከዚያ ፊልም ጋር ቢገጥም የማን እንደሆነ ማስረዳት ይቻላል። ፊልሙ ላይ ያልደረሰው ግን ጠበቃ የለውም።

ከመካነ ብርሃን ብዙ የማይርቀው ደራስጌ ማርያም ጥሩ ምሳሌ ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ደጃች ካሣ ኃይሉ እዚያው ደራስጌ ላይ ውቤን ድል አድርገው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። የንግሡ ፎቶ የለም። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎችና የቤተ ክርስቲያኑን ቅርሶች ግን ተመራማሪዋ ዶሮቴያ ማኬዋን አጥንታ በ2013 መጽሐፍ አሳትማለች። አሁን ከዕቃ ቤቱ አንድ ነገር ቢጎድል የሚያመሳክሩበት አለ።

ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይህን ያህል ከተደረገ ለሰው ቤትስ? ፓርኩ ውስጥ የነበረውን ግጭ የተባለ መንደር አስቡ። ዋልያው በመመናመኑና ግጦሹ በመብዛቱ ዩኔስኮ በ1996 ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር አስገባው። በ2016 ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች መንደሩን ለቅቀው ወደ ደባርቅ ገቡ፤ በ2017 ፓርኩ ከዝርዝሩ ወጣ። ለዋልያው መልካም ዜና ነው። ግን የለቀቁት ሰዎች መደብና ጎታ በሻንጣ አይሄድም። ከአንድ አካባቢ የገደሉ እርከን ሙሉ አልበም ሲኖረው የቤቱ መደርደሪያ ያለው በለቀቁት ሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው።

ደባርቅ ከተማ ውስጥ ዛሬ ሳሎን ብትገቡ የምታገኙት ቡፌ ነው። መስታወት ያለው፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ብርጭቆ የተደረደረበት፣ ላዩ ላይ የምርቃት ፎቶ የቆመበት። ቡፌውን ማንም ያነሣዋል፤ ልደት ሲከበር ከኬኩ ኋላ አለ። ጓዳውን ግን ማን ያነሣል? የእጅ ስልካችሁ ታልቦት ውጭ አውጥቶ ያነሣውን ነገር በጨለማ ያነሣል። አያታችሁን አስፈቅዱ፣ በሩን ክፈቱ፣ ፍላሽ አታብሩ፤ ፍላሽ ጥላውን ያጠፋና ሁሉንም ጠፍጣፋ ያደርገዋል። መጠኑ እንዲታወቅ አንድ ማንኪያ አጠገቡ አድርጉ። ዕቃውን ለፎቶ ብላችሁ አታስተካክሉት፤ እንደተቀመጠ ይቀመጥ። ከዚያ እያንዳንዱ ምን እንደሆነና ስሙን ጠይቃችሁ ከቀኑና ከቦታው ጋር ጻፉ። አያታችሁ «ይሄ ደግሞ ምን ይነሣል!» ብለው መሳቃቸው አይቀርም፤ ሲስቁም አንሷቸው።