ገቢር መተጣጠፍ፦ በፖል ላይ እግርን የሚያነሳው ማን ነው?

በጀርባዎ ወለል ላይ ይተኙ። አንዱን እግር ጉልበቱን ሳያጥፉ፣ በእጅዎም ሳይደግፉ፣ ወደ ላይ ያንሱትና የደረሰበትን ልብ ይበሉ። አሁን ነጠላ በውስጥ እግርዎ ላይ አዙረው ያንኑ እግር በሁለት እጅዎ ወደ ራስዎ ይሳቡት። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በግልጽ ይበልጣል። በመጀመሪያው የደረሱበት ልክ በእንግሊዝኛ «አክቲቭ ፍሌክሲቢሊቲ» ይባላል፤ በሁለተኛው የደረሱበት ደግሞ «ፓሲቭ ፍሌክሲቢሊቲ»። እዚህ የመጀመሪያውን «ገቢር መተጣጠፍ»፣ ሁለተኛውን «ተገብሮ መተጣጠፍ» ብለነዋል።

ስያሜው ከሰዋስው ክፍል የተወሰደ ነው። «ሰበረ» ገቢር፣ «ተሰበረ» ተገብሮ እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል፤ በገቢሩ ባለቤቱ ራሱ ያደርጋል፣ በተገብሮው ይደረግበታል። በነጠላ የተሳበው እግር የተደረገበት ነው። «በራስ ጉልበት መተጣጠፍ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን «ጉልበትሽን አታጥፊ» በሚባልበት ክፍል ውስጥ «ጉልበትሽን ተጠቀሚ» ማለት ተማሪን ማደናገር ነው። «ተለጣጭነት» ደግሞ ለጎማ ይቅር።

ቃሉ በባሌትም፣ በጂምናስቲክም፣ በካራቴም ያገለግላል። በገቢሩና በተገብሮው መካከል ያለው ልዩነት ቶሎ የሚጋለጠው ግን በፖል ዳንስ፣ ማለትም በቆመ ምሰሶ ላይ በሚሠራው ዳንስ፣ ነው። ፖል ዳንስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሌሊት ክበብ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። የዛሬው ፖል ዳንስ ከሰሜን አሜሪካ የራቁት ዳንስ ክበቦች የወጣ ሲሆን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የአካል ብቃት ትምህርት ሆኖ ተስፋፋ። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የፖል ስፖርት ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ በ2017 ደግሞ የዓለም አቀፍ ስፖርት ፌዴሬሽኖች ማኅበር የታዛቢነት ደረጃ ሰጠው። ስፖርቱን «ለማጥራት» ሲሉ የክበቡን ታሪክ መደበቅ የሚወዱ አሉ። ብዙዎቹን እንቅስቃሴዎች ሠርተው ያቀኑት በእነዚያ ክበቦች ይደንሱ የነበሩ ሴቶች ስለሆኑ መደበቁ ውለታ ቢስነት ይመስለኛል። በምሰሶ ላይ የሰውነት ጥበብ ማሳየት ራሱ ከዚያም የቆየ ነው፤ ሕንድ ውስጥ ማላክሃምብ የሚባለው የእንጨት ምሰሶ ጂምናስቲክ አለ፣ የቻይና ሰርከስ ሰዎችም ረጃጅም ምሰሶ ይወጣሉ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ባሌት የሚማር ሰው እግሩን በአግዳሚው ዘንግ ላይ ማሳረፍ ይችላል። ወለል ላይ ስፕሊት የሚወርድ (እግሮቹን በተቃራኒ አቅጣጫ ዘርግቶ የሚቀመጥ) ሰው የገዛ ክብደቱ ይገፋለታል። በፖል ላይ ግን እጆች ሥራ ይዘዋል። ጀማሪዎች ሁሉ የሚጓጉለትን መገልበጥ፣ «ኢንቨርት» የሚሉትን፣ እንመልከት። ተማሪዋ ምሰሶውን በሁለት እጇ ደረቷ አጠገብ ጨብጣ ትይዛለች፤ ዳሌዋ ወደ ላይ ይወጣል፤ እግሮቿ ግራና ቀኝ ተከፍተው በምሰሶው ሁለት ጎን ያልፋሉ፤ ራሷ ወደ ታች ይሆናል። በዚያች ቅጽበት እግሮቿን የሚከፍትላት እጅም ወለልም የለም። የሚከፍቷቸው የዳሌና የጭን ጡንቻዎች ናቸው፤ ሆድ ደግሞ ዳሌዋን ያነሳል። ወለል ላይ ሙሉ ስፕሊት የምትወርድ ልጅ እዚህ ስትደርስ እግሮቿ በግማሽ እንኳ አልከፈት ቢሏት የሚገርም አይደለም። ያላት ተገብሮ መተጣጠፍ ነው፤ ምሰሶው የሚጠይቃት ገቢሩን ነው።

አደጋው የሚጀምረው ይህን ጉድለት በሌላ ነገር ለመሙላት ሲሞከር ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚሞላው በእርግጫ ነው፦ አንድ እግር ከወለል ተስፈንጥሮ ዳሌውን ይወረውረዋል። ሲሳካ ያምራል፤ ቪዲዮ ላይ ማንም አይለየውም። ነገር ግን የተወረወረ አካል መሃል ላይ አይቆምም፤ የእርግጫው ጫና በድንገት ትከሻ ላይ ያርፋል፤ እጅ ቢያልብና ቢንሸራተት ደግሞ የሚወርደው ራስ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ አሰልጣኞች ከወለል ተነጥሎ ቀስ ብሎ መውጣትን ብቻ ሳይሆን ቀስ ብሎ መውረድንም ይጠይቃሉ። እኔ ከሁለቱ መውረዱን አስቀድማለሁ፦ በአራትና በአምስት ሰከንድ መውረድ ያልተቻለበት ቦታ ገና አልተወጣም።

የትከሻም ነገር ያው ነው። ምሰሶ ወይም አግዳሚ ብረት ይዞ ዝም ብሎ መንጠልጠል ይቻላል፤ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ክብደቱን ጡንቻ ሳይሆን የመገጣጠሚያው ጅማትና ሽፋን ይሸከሙታል። ይህ ተገብሮ ነው። በገቢሩ ክንድ ሳይታጠፍ ከጀርባ ያሉት የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንቶች ወደ ታች ይሳባሉ፣ አንገት ይረዝማል። እንቅስቃሴው ከጥቂት ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ ሆኖም ክንድን ሳያንቀሳቅሱ ትከሻን ለብቻው ማዘዝ ለብዙ ሰው ከባድ ነው። (እስክስታ የለመደ ሰው ይህን ትእዛዝ ከሌላው ቀድሞ ሳይረዳው አይቀርም።) በፖል ተማሪዎች ላይ ከሚደጋገሙት ጉዳቶች አንዱ የትከሻ ስለሆነ፣ ማንኛውም ሽክርክሪት ከመጀመሩ በፊት ይህችን ትንሽ ስበት መልመድ ያስፈልጋል። ክንድን ወደ ውስጥ አዙሮ ምሰሶውን ከላይ የሚይዘው «ትዊስትድ ግሪፕ» ደግሞ ትከሻን እጅግ ስለሚያስጨንቅ ጀማሪ ሊነካው አይገባም። ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር።

ሌላው ተደጋጋሚ ጉዳት ከጭን በስተኋላ ነው። ከቋንጃ ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄደው ጡንቻ በጠንካራ ጅማት ከመቀመጫ አጥንት ጋር ተያይዟል። ስፕሊት ለማግኘት የሚቸኩል ሰው ሰውነቱ ሳይሞቅ፣ አንዳንዴም ጓደኛው ከላይ እየተጫነው፣ ይህን ጅማት በየቀኑ ይጎትተዋል። ምልክቱ በመቀመጫ ሥር የሚሰማ ጥልቅ ሕመም ነው፤ ሲቀመጡም ይብሳል። አሳሳቹ ነገር ሰውየው ሕመሙን «ስላልተሳሳበ ነው» ብሎ መተርጎሙና ይበልጥ መሳቡ ነው። ፈውሱ ተቃራኒው ነው፤ መሳቡን ቀንሶ ጡንቻውን ቀስ በቀስ ማጠንከር። ይህም በሳምንት የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ወራት ይወስዳል።

ለምን መሳብ ብቻውን እንደማይበቃ ለመረዳት ነርቭን ማወቅ ይጠቅማል። ሰው ሲሳሳብ ሰንብቶ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያየው ለውጥ በአብዛኛው የጡንቻ መርዘም አይደለም፤ ነርቮቹ ቀድሞ «ተው» ይሉ የነበረበትን ልክ መታገሥ መጀመራቸው ነው። ትዕግሥት ጥሩ ነው፤ ግን በአዲሱ ልክ ላይ የሚሠራ ኃይል ከሌለ እግሩ ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት ነው። ገቢር መተጣጠፍ ይህን ክፍተት ያጠባል። ከዘዴዎቹ አንዱ ከሕክምና የመጣ ነው፤ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኸርማን ካባት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በፖሊዮና በመሳሰሉት የተጎዱ ሰዎችን ለማከም ካዳበረው ስልት ውስጥ ጡንቻን በተሳበበት ቦታ ላይ አኮማትሮ መልቀቅ ይገኝበታል። ዛሬ ስፖርተኞች በየክፍሉ ይሠሩታል፦ እግሩን እስከ ልኩ ስቦ፣ የሚይዘውን እጅ በእግሩ ለጥቂት ሰከንድ መግፋት፣ ከዚያ ለቆ ትንሽ መጨመር። የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክር ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ እጅን አንስቶ እግሩን እዚያው በራሱ ማቆየት። ይወድቃል። የወደቀበት ልክ ዛሬ በፖል ላይ ልታምኑት የምትችሉት ልክ ነው።

ለመገልበጥ የሚያዘጋጀው ልምምድ ወለል ላይ ይጀምራል፣ ምሰሶም አይፈልግም። እግርን ከፍቶ መቀመጥ፣ እጆችን ከፊት ወለል ላይ ማሳረፍ፣ ጀርባን ሳያጎብጡ አንዱን ተረከዝ ከወለል ማንሳት። ሁለት ጣት ከተነሳ ብዙ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ ሌላው እግር። ጭን ብሽሽት ላይ የጡንቻ መሸማቀቅ ቢይዘው ማረፍና መድገም ነው፤ ያልለመደ ጡንቻ አጥሮ ሲሠራ መሸማቀቅ ያጋጥማል። ቀጥሎ ምሰሶው ሥር ቆሞ፣ ጉልበትን ወደ ደረት ሰብስቦ ከወለል መነጠልና መቆየት። ቀጥሎ አሰልጣኝ እየደገፈች ወደ ላይ መውጣት፣ ለብቻ ቀስ ብሎ መውረድ። በመጨረሻ ብቻ እግር ከፍቶ መውጣት። ሁሉም በግራም በቀኝም ይሠራ። ሁሉም ሰው የሚመቸው ጎን አለው፤ በዚያ ብቻ የሚሠራ ሰው ከዓመት በኋላ ሁለት የተለያዩ ትከሻዎች ይኖሩታል።

ጊዜውንም መለየት ያሻል። ከክፍሉ በፊት ሰውነት ማሟሟቅ እንጂ እግርን ለረጅም ደቂቃ ስቦ መቀመጥ አይመከርም፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ የተሳበ ጡንቻ ለጊዜው ኃይሉ ይቀንሳል፣ ያ ጡንቻ ደግሞ ወዲያው ሊሸከማችሁ ነው። ረጅሙ መሳሳብ ለመጨረሻ ይቆይ። ለጀማሪ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ በመሃል ዕረፍት እየሰጡ፣ በቂ ነው። ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ስለሚጠነክር «ኃይል አለኝ» ማለት ሁልጊዜ «ዝግጁ ነኝ» ማለት አይደለም።

ስለ ምሰሶው ጥቂት። በውድድርም በስቱዲዮም የተለመደው ውፍረት 45 ሚሊሜትር ነው። የቆመና የሚሽከረከር አለ፤ መማር የሚጀመረው በቆመው ነው። የሚሽከረከረው ሰውነት በተሰበሰበ ቁጥር ይፈጥናል፣ ማዞርም ያመጣል። የፖል ሰዎች አጭር ቁምጣ የሚለብሱት ለመታየት ብቻ አይደለም፤ ብረቱን የሚይዘው ቆዳ ነው፣ ጨርቅ ይንሸራተታል። ስለዚህ በልምምድ ቀን ቅባትና ሎሽን የተከለከለ ነው። የማላክሃምብ ሰዎች በተቃራኒው እንጨቱን በጉሎ ዘይት ያሹታል፤ የብረቱ ሕግ ለእንጨቱ አይሠራም። ቀለበትና አምባር ይወልቅ። ለላብ እጅ የማግኒዚየም ዱቄት አለ። ከሥር ወፍራም ፍራሽ ይነጠፍ። ፍራሽ ግን አንገትን ከሁሉም አያድንም፣ የሰው ድጋፍን አይተካም። ቤት ውስጥ በጣሪያና በወለል መካከል ተወጥሮ የሚቆም ምሰሶ የሚተክል ሰው ከላይ የሚገፋው ኮርኒስ ሳይሆን ጠንካራ አካል መሆኑን ማረጋገጥና ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት መጥበቁን መፈተሽ አለበት።

ጭንና ክንድ ላይ የሚቀረው ሰማያዊ ሰንበር በመጀመሪያዎቹ ወራት የተለመደ ነው፤ እየቆየ ይቀንሳል። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ሕመም፣ የእጅ መደንዘዝ፣ «ጧ» ብሎ ከዚያ የሚደክም ትከሻ ወይም ጭን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ከምሰሶው ወርዶ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ማየት ያስፈልጋል።